ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፤ የንጉሥን ሕይወት የጻፈ ብዕር

ልብ ወለድ የሚለውን ቃል ሁላችንም በየቀኑ እንናገረዋለን። ከቤተ መጻሕፍት ገብተን የልብ ወለድ መጽሐፍ እንጠይቃለን፤ በዶርም ተሰብስበን ስለ ልብ ወለድ እንከራከራለን። ቃሉን ለዚህ ዓይነት ድርሰት መጠሪያ እንዲሆን በመጽሐፉ ርእስ ላይ ጽፈው ያቆዩልን ሰው ግን እነማን እንደ ነበሩ፣ ከዚያም በኋላ ብዕራቸው ወዴት እንደ ወሰዳቸው የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። እኒህ ሰው ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። በአማርኛ የመጀመሪያውን ረጅም ልብ ወለድ ከመጻፋቸውም በላይ የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክን ሕይወት፣ ንጉሡ ገና በሕይወት ሳሉ፣ መጽሐፍ አድርገው ያሳተሙ ናቸው። ስለ ልብ ወለዱ ብዙ ጊዜ ይነገራል። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የማተኩረው በንጉሡ ታሪክ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በሥልጣን ላይ ስላለ ሰው መጻፍ ምን ያህል ከባድ ፈተና እንደ ሆነ ከዚህ ሰው ሕይወት የበለጠ የሚያስተምር ማግኘት ያስቸግራል።

አብዛኛው ነገር የተፈጸመው በአውሮፓ ወይም ከአውሮፓ ጋር በተያያዘ መንገድ ስለ ሆነ፣ ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ። በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ዓመተ ምሕረት እያልሁ አመለክታለሁ።

አፈወርቅ የተወለዱት በ1860 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ዳር በዘጌ ነው። ዘጌ በቡናው ደንና በገዳማቱ የታወቀ ስፍራ ነው። እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳቸው ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ስለ ሆነ፣ በዚያ የሚያድግ ልጅ ፊደል ሳይቆጥር ታሪክን በቀለም ያነባል። ይህ የተወለዱበት ዓመት ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን የሠዉበት ዓመት ነው። እንግዲህ አፈወርቅ የቴዎድሮስን ዘመን በዓይናቸው አላዩም፤ በኋላ ግን በዚያ ንጉሥ ላይ ብርቱ ፍርድ ከፈረዱት ጸሐፊዎች አንዱ ሆኑ።

በ1887 ወደ ኢጣልያ ሄደው በቶሪኖ ከተማ በአልበርቲና የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል ተማሩ። በዚያን ጊዜ ለትምህርት ባሕር የሚሻገር ኢትዮጵያዊ በጣት የሚቈጠር ነበር። ትምህርታቸውንም አድርገው ወደ ሀገራቸው ተመለሱና በእንጦጦ ለቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሠሩ። ነገር ግን በቤተ መንግሥቱ አካባቢ ኑሮ አልተመቻቸውም፤ ከታላላቆቹም ጋር ቅሬታ ገባቸው። ከውጭ ተምሮ የተመለሰ ወጣትና በጥንቱ ሥርዓት የሚኖር ቤተ መንግሥት ወዲያው አለመግባባታቸው ለእኛ አዲስ ወሬ አይደለም።

በ1894 ከሌሎች ወጣቶች ጋር ለትምህርት ወደ ስዊስ ሀገር ተላኩ። አብረዋቸው ከሄዱት አንዱ የራስ ዳርጌ ልጅ ጉግሣ ነበር። ራስ ዳርጌ የምኒልክ አጎት ስለ ነበሩ ይህ ልጅ ለውጭ መንግሥት መሣሪያ ሊሆን የሚችል ሰው ነበር። በ1895 መጨረሻ በኢትዮጵያና በኢጣልያ መካከል ጦርነት ሲነሣ፣ እኒህ ወጣቶች ከስዊስ ወጥተው ከኢጣልያኖች ጋር ተቀላቀሉ። ጥቂት ወራት አለፉና የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዐድዋ ጦርነት ሆነ። ሕዝቡ በእግሩ ከየማዕዘኑ ወደ ዐድዋ ሲጓዝ፣ ንጉሡ ለትምህርት የላኳቸው አፈወርቅ በጠላት ወገን ነበሩ። ይህን አስቀድመን መያዝ አለብን። በኋላ የጻፉትን የምኒልክ ታሪክ ስናነብብ፣ ጸሐፊው ከንጉሡ ጋር ምን ዓይነት ሂሳብ እንደ ነበረባቸው ካላወቅን መጽሐፉን በሙሉ ልንረዳው አንችልም።

ከጦርነቱ በኋላ ኑሯቸው በኢጣልያ ሆነ። ኢጣልያዊት ሴት አግብተው ልጆች ወለዱ፤ ከ1902 ጀምሮም በናፖሊ ከተማ በምሥራቃውያን ቋንቋዎች ትምህርት ቤት የፕሮፌሰር ፍራንቼስኮ ጋሊና ረዳት ሆነው አማርኛ አስተማሩ። የድርሰታቸው ምርጥ ዘመን ይህ ነው። በ1905 የአማርኛን ሰዋስው በኢጣልያንኛ ጽፈው በሮማ አሳተሙ፤ በ1911 ደግሞ ስለ አማርኛ ግሥ ሌላ መጽሐፍ አወጡ። ቋንቋውን ለባዕድ ሰው ለማስተማር የተገደደ ሰው የገዛ ቋንቋውን እንደ አዲስ ማየት ግድ ይሆንበታል። እኛ ሳናስብ የምንናገረውን እርሳቸው አንድ በአንድ ፈትተው ማሳየት ነበረባቸው። ለአማርኛቸው ጥራት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

በ1908፣ ይኸውም በ1900 ዓ.ም.፣ ልብ ወለድ ታሪክ የተባለው መጽሐፍ በሮማ ታተመ። እኛ ዛሬ ጦብያ ብለን የምንጠራው ነው። በጦርነት የተሸነፈ አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ፣ መንታ ልጆቹ ዋሕድና ጦብያ፣ እንደ ወንድ ለብሳ የምትጓዘው ልጅ፣ የቸሩ ነጋዴ ነገር፣ በመጨረሻም የጠላት ወገን የነበረው ንጉሥ መለወጥ ይነገርበታል። በዚያ ዘመን በአማርኛ የሚጻፈው ሁሉ ወይ የሃይማኖት ነገር ወይ የነገሥታት ነገር ነበርና፣ ከሐሳብ ብቻ የፈለቀ ታሪክ ለሕዝብ ማቅረብ ድፍረት ይጠይቅ ነበር።

በዚያው በ1908 ለውጭ ሀገር መንገደኛ መምሪያ የሚሆን መጽሐፍ በፈረንሳይኛና በአማርኛ አወጡ። መጽሐፉ ለላይ ለላዩ ቋንቋ ማስተማሪያ ይመስላል፤ መንገደኛውና የሀገሩ ሰው ሲነጋገሩ የሚያሳይ ነው። በንግግሩ ውስጥ ግን ወታደር በገበሬው ቤት ተመርቶ የሚያደርሰው በደል፣ የእጅ ሥራ መናቁ፣ የባርነት ክፉነት እየተነሣ ይወቀሣል። አፈወርቅ የሀገራቸውን ችግር አላዩም የሚባሉ አልነበሩም። አይተዋል፤ ጽፈዋልም። ይህን ልብ ብለን እንያዝና ወደሚቀጥለው መጽሐፍ እንለፍ።

በ1909፣ በ1901 ዓ.ም. ማለት ነው፣ የዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ በሮማ ታተመ።

የመጽሐፉን ቦታ ለማወቅ ከእርሱ በፊት የነበረውን ልማድ ማስታወስ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የነገሥታትን ሕይወት መጻፍ የቆየ ሥራ ነው። ለብዙ ዘመን በግዕዝ ሲጻፍ ኖረ፤ በዐፄ ቴዎድሮስ ጊዜ እነ ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም በአማርኛ ጻፉት። የዐፄ ምኒልክም ታሪክ በጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይ እጅ ይጻፍ ነበር። የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ከንጉሡ ማዕድ የሚበላ፣ በንጉሡ ጓዝ ውስጥ የሚጓዝ ሰው ነው። የሚጽፈውን ንጉሡ ሊሰማው፣ መኳንንቱ ሊያነብቡት ይችላሉ። ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ በሚባልበት ሀገር እንዲህ ያለ ሰው ቢያሞግስ የሚፈርድበት የለም።

አፈወርቅ ግን ከዚህ ቀንበር ነጻ ነበሩ። የተቀመጡት ከባሕር ማዶ ነው። የሚበሉት የምኒልክን እንጀራ አይደለም። ማተሚያ ቤቱ በእጃቸው አጠገብ ነው፤ መጽሐፉን ከመታተሙ በፊት የሚመረምር የንጉሥ ሹም የለም። በናፖሊና በሮማ የአውሮፓ ሰዎች የራሳቸውን ነገሥታትና መሪዎች ሕይወት እንዴት እንደሚጽፉ፣ እንዴትም እንደሚነቅፉ ለማየት ጊዜ ነበራቸው። የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ ሊጽፈው ያልቻለውን የምኒልክን እውነተኛ ሕይወት ለመጻፍ ከእርሳቸው የተሻለ ዕድል የነበረው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

የጻፉት ግን ውዳሴ ሆነ። ምኒልክ በሁሉም ነገር ብሩህ ሆነው ይታያሉ፤ ይህ ብርሃን ይበልጥ እንዲደምቅ ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ነገሥታት በጨለማ ይሣላሉ። ቴዎድሮስ ጨካኝ ብቻ፣ ዮሐንስም ለነቀፋ ብቻ የተፈጠሩ ይመስላሉ። እርግጥ ቴዎድሮስ ጐንደርን አቃጥለዋል፤ ብዙ ደምም አፍስሰዋል፤ ይህን መጻፍ ተገቢ ነው። ነገር ግን የተበታተነችውን ሀገር አንድ ለማድረግ መነሣታቸው፣ ምኒልክ ራሳቸው ኋላ የተጓዙበትን ጐዳና መጀመራቸው፣ ልጁንም ምኒልክን በመቅደላ በግዞት ይዘው ማሳደጋቸው በአንድ ሚዛን ካልተቀመጠ ታሪክ አይባልም። ዮሐንስም በ1889 በመተማ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የሞቱ ንጉሥ ናቸው።

ሠዓሊ ብርሃንን ለማሳየት ጥላ ማስፈለጉን ያውቃል። አፈወርቅም የሠዓሊ ትምህርታቸውን ወደ ታሪክ ያመጡት ይመስላል፤ ችግሩ ግን ብርሃኑን በሙሉ ለአንድ ሰው፣ ጥላውን በሙሉ ለሌሎቹ መስጠታቸው ነው። በመንገደኛው መጽሐፍ የገለጡት የገበሬው ችግርም እዚህ ሲደርስ የንጉሡን ስም እንዳይነካ ይጠነቀቃል። አንድ ሰው የሀገሩን ችግር እያየ የችግሩን ሀገር የሚገዛውን ሰው ያለ እንከን አድርጎ ከጻፈ፣ ያየውን ከጻፈው ጋር ማገናኘት ተስኖታል ማለት ነው።

ስለምን እንዲህ አደረጉ? መልሱ ከ1895 የሚነሣ ይመስለኛል። ንጉሡን ከድተው ከጠላት የተቀላቀሉ ሰው ወደ ሀገራቸው መመለስ ቢፈልጉ የሚያስፈልጋቸው ምሕረት ነው። መጽሐፉም የምሕረት ደጅ መጥኛ ይመስላል። ነገሩን የሚያሳዝን የሚያደርገው ደግሞ፣ መጽሐፉ በወጣበት ዓመት ምኒልክ በደዌ ወድቀው መንግሥቱን መምራት ያቃታቸው መሆኑ ነው። በ1913 እስኪያርፉም ከአልጋ አልተነሡም። ደጁ የተጠናለት ንጉሥ ደጁን ሊከፍት የማይችልበት ጊዜ ደርሶ ነበር።

ለመጽሐፉ መልስ የመጣው ከቤተ መንግሥት ሳይሆን ከአንድ ወጣት ነው። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1886 በዐድዋ አካባቢ በማይምሻም የተወለዱ፣ በልጅነታቸው ባሕር ተሻግረው በጀርመን ሀገር የተማሩ ሰው ናቸው። አባታቸው ከዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ጋር ዘምተው በመተማ ሞተዋል። በ1912 ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ የሚባለው ጽሑፋቸው በአሥመራ ታተመ፤ ጽሑፉም የአፈወርቅን መጽሐፍ በመመርመር ይጀምራል።

ገብረ ሕይወት ያቀረቡት ስድብ አይደለም። እንደ እርሳቸው ሐሳብ ታሪክ ለመጻፍ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፤ አንደኛው የሆነውን ነገር አስተውሎ የሚይዝ ልቡና፣ ሁለተኛው ወገን ሳይለይ በሆነው ነገር የሚፈርድ አእምሮ፣ ሦስተኛው ያስተዋሉትንና የፈረዱትን የሚያስታውቁበት የጠራ ቋንቋ ነው። ከዚያ አፈወርቅን በዚህ ሚዛን ያስቀምጧቸዋል። ቋንቋቸውን ያመሰግናሉ፤ በአማርኛቸው ነቀፋ አያገኙባቸውም። በቀሩት በሁለቱ ግን ጐደሎ ሆነው ያገኟቸዋል።

የዮሐንስ ወታደር ልጅ ስለ ሆኑ ለዮሐንስ አድልተው ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እንዲህ ያለው ሰው ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ቢያነብበው መልካም ነው። ገብረ ሕይወት አንዱን ንጉሥ በሌላው ለመተካት አልጻፉም። የአፈወርቅን መጽሐፍ መርምረው ሲያበቁ ሀገሪቱ የሚያስፈልጋትን ማሻሻያ ይቈጥራሉ፤ የግብርን አከፋፈል፣ የንጉሡና የመንግሥቱ ገንዘብ መለየትን፣ ሕግን፣ ሠራዊትን፣ ገንዘብን፣ ትምህርት ቤትን፣ የሃይማኖት ነጻነትን ያነሣሉ። ለእርሳቸው ያለፈውን ንጉሥ በትክክል ማወቅ የሚጠቅመው ለሚመጣው ሥራ ነው። ምኒልክ ሁሉን ፈጽመዋል ብለን ካመንን የሚቀረን ሥራ የለም። ዮሐንስና ቴዎድሮስ ምንም አልሠሩም ብለን ካመንንም ከየት እንደ መጣን አናውቅም። የውዳሴ ታሪክ ጉዳቱ ለሞቱት ሳይሆን ለሕያዋን ነው የሚለውን ትምህርት ከዚህ እናገኛለን።

አፈወርቅ በዚያው በ1912 አካባቢ ናፖሊን ትተው ወደ ኤርትራ ሄዱና በንግድ ሥራ ቆዩ። ቆይተውም ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ከ1922 እስከ 1925 የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። የባቡር ሐዲዱ በዚያ ስለሚያልፍ ድሬዳዋ የሀገሩ ትልቁ የንግድ በር ነበረች፤ ነጋድራሱም ቀረጡን የሚያስከፍል የነጋዴዎችም አለቃ ነበር። በዚሁ በድሬዳዋ፣ በዚሁ ሹመት፣ ከእርሳቸው በፊት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ተቀምጠው ነበር። ገብረ ሕይወት በ1919 ገና በ33 ዓመታቸው ሞቱ፤ መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የሚለው ትልቁ መጽሐፋቸው የታተመው ከሞቱ በኋላ ነው። የተቸው ወጣት ቀድሞ አለፈ፤ የተተቹት ሽማግሌ በወንበሩ ተቀመጡ።

ከድሬዳዋ በኋላ በአዲስ አበባ የውጭ ሀገር ሰዎችና ኢትዮጵያውያን የሚካሰሱበት ልዩ ፍርድ ቤት ሰብሳቢ ሆኑ። ቋንቋ ማወቃቸውና በአውሮፓ መኖራቸው ለዚህ ሥራ የተገባ አድርጓቸው ነበር። ቀጥሎም ከ1932 ጀምሮ በሮማ የኢትዮጵያ መንግሥት ጉዳይ ፈጻሚ ሆነው ተቀመጡ። በ1934 መጨረሻ የወልወል ግጭት ሲነሣ፣ ሙሶሊኒም ለጦርነት ሲዘጋጅ፣ በሮማ የኢትዮጵያ አፍ የነበሩት እርሳቸው ናቸው። በ1895 የከዱት ሰው ከአርባ ዓመት በኋላ በሁለተኛው የኢጣልያ ጦርነት ዋዜማ የሀገራቸው እንደራሴ ሆነው በጠላት ዋና ከተማ መገኘታቸው የታሪክ ትልቅ ዕድል ነበር። የቀድሞውን ስሕተት ለማጠብ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ ለሰው አይሰጥም።

ዕድሉን አልተጠቀሙበትም። ኢጣልያ በ1936 አዲስ አበባን ስትይዝ ነጋድራስ አፈወርቅ ከወራሪው ጋር ሆኑ። ለቄሣር መንግሥት ጻፉ፤ ሕዝቡም እንዲገዛ መከሩ። ኢጣልያኖችም አፈ ቄሣር የሚል ማዕረግ ሰጧቸው። የቀድሞው ሥርዓት የዳኞች አለቃ አፈ ንጉሥ ይባል ስለ ነበር፣ ማዕረጉ በዚያ አምሳል የተቀረጸ ነው። በሌላ በኩል አርበኞች በየዱሩ ይዋጉ ነበር፤ ብዙ የተማሩ ወጣቶችም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ተፈጅተዋል። አፈ ወርቅ ማለት የወርቅ አፍ ማለት ነው። አባትና እናት ያወጡት ስም በስተእርጅና በባዕድ ንጉሥ ስም ተለወጠ።

በ1941 ነጻነት ሲመለስ ተያዙ፤ ለፍርድ ቀረቡ፤ ሞት ተፈረደባቸው። ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠላቸውና ወደ ጅማ ተወሰዱ። ዓይናቸውም ጠፋ። ሥዕል የተማሩ፣ መጽሐፍ የጻፉ ሰው በመጨረሻ ማየት ተሳናቸው። በ1940 ዓ.ም. መባቻ፣ በመስከረም ወር፣ በዚያው በጅማ ሞቱ።

ከሞቱ በኋላ መጻሕፍቱ ቀሩ። ጦብያን ታደሰ ታምራት በእንግሊዝኛ ተርጕመው በ1964 አሳትመዋል። በ1991 ደግሞ አላን ሩዎ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ የአፈወርቅን የራሳቸውን ሕይወት ሰፊ መጽሐፍ አድርጎ ጻፈው። የንጉሥን ሕይወት የጻፉት ሰው በተራቸው ሕይወታቸውን የሚመረምር ጸሐፊ አገኙ ማለት ነው። ያም ጸሐፊ ከእርሳቸው የሚፈልገው ምሕረትም ሹመትም አልነበረም።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ይህን ሰው ምን እናድርገው? መጽሐፋቸውን አውጥተን መጣል ሞኝነት ነው። አማርኛቸው ዛሬም ትምህርት ቤት ነው፤ ልብ ወለድ ብለን በጠራን ቁጥር ባለ ዕዳቸው ነን። ስለ ቋንቋቸው ውበት ብለን የሠሩትን መርሳትም እንዲሁ ስሕተት ነው፤ በየዱሩ የወደቁት ሰዎች ይታዘቡናል። ገብረ ሕይወት ያደረጉትን ብናደርግ ይሻላል፤ ይኸውም የተመሰገነውን አመስግኖ፣ የጐደለውን ለይቶ ማስቀመጥ ነው።

ከእኛ መካከል ነገ የጋዜጣ አዘጋጅ፣ የሚኒስትር ጸሐፊ፣ የታሪክ መምህር የሚሆን አለ። ከውጭ ሀገር ተቀምጦ ስለ ሀገሩ የሚጽፍም ይኖራል። አፈወርቅ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ከንጉሡ ብዙ ሺህ ኪሎሜትር ርቀው ተቀምጠው አሞገሱ፤ ርቀት ብቻውን ሰውን ነጻ እንደማያደርግ የእርሳቸው ሕይወት ያሳየናል። ከአንድ ባለ ሥልጣን አንዳች ነገር የምንፈልግ ከሆነ፣ የዚያን ሰው ሕይወት ለመጻፍ ብዕር ከማንሣታችን በፊት ፍላጎታችንን ለራሳችን መናዘዝ ይገባናል። ታሪክ የሚያጠኑ ጓደኞቻችንም የአፈወርቅን ምኒልክና የገብረ ሕይወትን ምኒልክ ጐን ለጐን አስቀምጠው ቢያነብቡ፣ ሁለቱ መጻሕፍት ስለ ንጉሡ ብቻ ሳይሆን ስለ ጻፏቸው ሰዎችም ብዙ ይነግሯቸዋል።